ያልተሞላው ቦታ ምን ይላል?

ባለፈው ሳምንት አንድ ማለዳ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጀሞ በሚባለው ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ኮምፒዩተር ቤት ጉዳይ ይዘን ገብተን ነበር። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ያነሣል፥ ማመልከቻ ይጽፋል፥ በኢንተርኔት የሚሞላውንም ቅጽ ለማያውቅ ሰው በጥቂት ብር ይሞላል። ከእኛ በፊት ተራ የያዙ አንዲት እናት ነበሩ። ነጠላቸውን አጣፍተው፥ ሰባት ዓመት ያህል የሚሆናትን የልጅ ልጃቸውን ከጎናቸው አቁመው፥ ለልጅቱ ቅጽ ያስሞላሉ። ጸሐፊው ወጣት ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳያነሣ ሲጠይቅ፥ እሳቸውም ሲመልሱ፥ ሥራው በደህና ሄዶ ከአንድ ጥያቄ ላይ ደረሰ።

«የቤት ቁጥር ስንት ነው፥ እማማ?»

«ቁጥር የለውም፥ ልጄ። ገና አልተሰጠንም።»

ወጣቱ ምንም አላመነታም። «አዲስ» ብሎ ጻፈና አለፈ።

ይህን ቃል ከዚህ ቦታ ላይ ቢያይ የሚደነቅ አዲስ አበቤ የለም። በመታወቂያ፥ በኪራይ ውል፥ በድርጅቶች አድራሻ ላይ ሳይቀር «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» የሚል ጽሑፍ ሞልቷል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ የመንግሥት ከሆነ በኋላ የቀበሌ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ የቤት ቁጥርም በየቀበሌው የሚቆጠር ሆነ። ከተማይቱ ግን ቆጣሪውን ቆማ አልጠበቀችውም። በመካኒሳ፥ በለቡ፥ በላፍቶ፥ በሐና ማርያም እያለች ወደ ደቡብ ስትሰፋ፥ ቁጥር ሳይደርሰው የተሠራው ቤት ሁሉ «አዲስ» ተባለ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትከፈል (ዛሬ 11 ናቸው) ንፋስ ስልክና ላፍቶ በአንድ ስም ተጣመሩ፤ ኋላም ቀበሌ ለወረዳ ቦታውን ለቀቀ። «አዲስ» ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። በውስጡ ተወልዶ፥ አድጎ፥ ተድሮ የወጣ ልጅ ያለው ቤት ዛሬም በመዝገብ «አዲስ» ነው።

ነገሩ በወረቀት ላይ ሳለ ብዙ ጉዳት አልነበረውም። መዝገቡን የሚያገላብጠው ሰው ነበርና «አዲስ» የሚለውን ሲያይ «ይህ ቤት ቁጥር የለውም» ብሎ ራሱ ይተረጉመዋል። ኮምፒዩተር ግን ይህን የመሰለ ማስተዋል የለውም። ለእርሱ «አዲስ» እንደ 214 ወይም እንደ 1037 ያለ አንድ የቤት ቁጥር ነው። «በአንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩትን ሰብስብልኝ» ብለን ብናዘው በወረዳው ያሉትን ቁጥር አልባ ቤተሰቦች ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር አከማችቶ ያመጣልናል። «ለአንድ ቤት አንድ ቆጣሪ ብቻ ይፈቀዳል» የሚል ደንብ ብናስገባበት ደግሞ ቀድሞ የደረሰው ሰው ይፈቀድለትና የቀሩት ሁሉ «ተሰጥቷችኋል» ተብለው ይመለሳሉ።

እንዲህ ያለው ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት አንድ የኮምፒዩተር ደኅንነት ባለሙያ ለመኪናው «ነል» የሚል ሰሌዳ አወጣ። «ነል» ማለት በፕሮግራም ቋንቋ «ምንም የለም» ማለት ነው። ሰውየው ለቀልድ ያደረገው ነገር ነበር፤ ምናልባትም ቅጣት የሚመዘግበው ማሽን ሰሌዳው ባዶ መስሎት ያልፈው እንደ ሆነ ብሎም አስቦ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በየቦታው የተቀጡና የሰሌዳ ቁጥራቸው ሳይሞላ የቀረ መኪኖች ሁሉ ዕዳ ወደ እርሱ ቤት መጉረፍ ጀመረ። በ2019 እ.ኤ.አ. ታሪኩ ሲወራ የተቆለለበት የቅጣት ገንዘብ ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። የእርሱ «ነል» እና የእኛ «አዲስ» ወንድማማቾች ናቸው፤ የሌለ ነገር እንዳለ ሆኖ ተጽፏል።

ወደ ኮምፒዩተር ቤቱ እንመለስና፥ ወጣቱ ቀጥሎ የአባት ስም ጠየቀ። እማማ ዝም አሉ። ልጅቱ ጣቷን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ታመላልሳለች።

«አይታወቅም ልበለው?» አለ ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እንዴት አይታወቅም! ይታወቃል እንጂ። አልናገረውም ነው ያልሁህ፤ አላውቀውም መቼ አልሁ?»

እኛም ጣልቃ ገብተን «እንግዲያውስ ባዶውን ተወው» አልነው። ባዶውን ቢተወው ኮምፒዩተሩ ቦታውን በቀይ ቀለም አጥሮ «ይህ መሞላት አለበት» እያለ አላሳልፍ አለ።

አንባቢዎቻችን ይህን ክርክር ልብ ብለው እንዲመለከቱት እንለምናለን። እማማ ፊደል ስለ መቁጠራቸው አልጠየቅናቸውም፤ ነገር ግን ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊ የሚስተውን ልዩነት በአንድ ትንፋሽ አስቀመጡት። «የለም»፥ «አይታወቅም» እና «አልናገርም» ሦስት መልሶች ናቸው። ቤታቸው ቁጥር የለውም፤ ይህ «የለም» ነው። የልጅቱ አባት ስም አለ፥ ይታወቃልም፥ አይነገርም ግን። አራተኛም አለ፤ እርሱም ከቶ ያልተጠየቀው ነው። ባልንጀራችን ለቅሶ ቤት ሳይመጣ ቢቀር «ሞቱን አልሰማም ይሆን፥ ታሞ ይሆን፥ ወይስ ተቀይሞናል?» እያልን እንለያለን እንጂ «አልመጣም» ብለን ብቻ አንዘጋውም። በኑሯችን ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች በቅጻችን ላይ ሲደርስ ሁሉንም በአንድ ከረጢት እንከታቸዋለን።

ስለ አባት ስም ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፥ የራሱ ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል፤ በሚቀጥለውም አንቀጽ አባቱ ያልታወቀ ልጅ የእናቱን የቤተ ዘመድ ስም ይይዛል ይላል። የቤተ ዘመድ ስም የተባለው ነገር በእኛ ዘንድ ሥር እንዳልሰደደ እያንዳንዳችን እናውቃለን። ይሁን እንጂ ሕጉ አባት የማይጻፍለት ልጅ እንደሚኖር አስቀድሞ አስቦ መልስ አዘጋጅቶለት ነበር። ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የተሠራው የኮምፒዩተር ቅጽ ግን አላሰበበትም።

አሁን ስለ ማሽኑ ጥቂት እንናገር፤ የጉዳዩ ውስጠኛ ክፍል ከዚያ ነውና። በድረ ገጽ ላይ ያለ ቅጽ ተሞልቶ «ላክ» ሲባል እያንዳንዱ ጥያቄ እንደ አንድ ፖስታ ሆኖ ወደ ማዕከሉ ኮምፒዩተር ይጓዛል። የሚጻፍበት ቦታ ሳይነካ ቢቀር ፖስታው አድራሻውን ይዞ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይደርሳል። የራይት ምልክት የሚደረግባት ትንሿ ሣጥን ግን ጠባይዋ ሌላ ነው፤ ምልክት ካልተደረገባት ፖስታዋም ራሷ አትላክም። ስለዚህ «የአካል ጉዳት አለብዎ?» የሚል ሣጥን ምልክት ሳይደረግበት ቢታለፍ፥ «የለብኝም» ያለውም፥ ጥያቄውን ያላየውም፥ ጥያቄው ጭራሽ በሌለበት በአሮጌው ቅጽ የተመዘገበውም ከማዕከሉ ሲደርሱ አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ባለሥልጣን «በክፍለ ከተማችን ይህን ያህል ሰዎች ብቻ ጉዳት አለባቸው» ብሎ ቢናገር ቁጥሩ ከወዴት እንደ መጣ እርሱም አያውቅም።

አብዛኛው የድረ ገጽ ሥራ የሚሠራበት ጃቫስክሪፕት የተባለው ቋንቋ በ1995 እ.ኤ.አ. ብሬንደን አይክ በተባለ አሜሪካዊ በ10 ቀናት ውስጥ ተነደፈ። በዚህ ቋንቋ ለ«የለም» አንድ ቃል ብቻ አልበቃም፤ ሁለት አሉ። «ነል» የሚባለው ሰው አስቦ «እዚህ ምንም የለም» ብሎ ያስቀመጠው ነው። «አንዲፋይንድ» የሚባለው ደግሞ ማንም ምንም ያላስቀመጠበት ቦታ ነው። ልዩነቱ መልካም ነበር። ምን ይሆናል፥ ያው ቋንቋ ፕሮግራም ጸሐፊው በአቋራጭ «ይህ ነገር አለ ወይስ የለም?» ብሎ ሲጠይቀው ነልንም፥ አንዲፋይንድንም፥ ባዶ ጽሑፍንም፥ ቁጥር 0ንም አንድ ላይ «የለም» ብሎ ይመልስለታል። ከዚህም የባሰ አለ፤ ባዶ ጽሑፍ ሰጥተን «ወደ ቁጥር ለውጥልን» ብንለው 0 ያደርገዋል። ያልተመለሰ ጥያቄ በአንድ መስመር ትእዛዝ «ምንም የለኝም» ወደሚል መልስ ይለወጣል ማለት ነው።

በዚህ ነገር ሌላውን ብቻ እንዳንወቅስ የራሳችንንም እንናገር። ተማሪ ሳለን የቤተሰብ መመዝገቢያ ፕሮግራም እንድንሠራ ታዘን «ስንት ልጆች አሉዎት?» የሚል ጥያቄ አስገብተን ነበር። ሊመረምረው የመጣው መምህር 0 ብሎ ጻፈ። ፕሮግራማችንም «እባክዎ የልጆችዎን ቁጥር ይሙሉ» አለው። ደግሞ 0 ጻፈ፤ ደግሞ እንዲሁ አለው። በሦስተኛው መምህሩ ወደ እኛ ዞር ብሎ «ልጅ እስክወልድ ትጠብቁኛላችሁ?» አለን። በክፍሉ ያለው ተማሪ ሁሉ ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅን። ነገር ግን ያንን ቅጽ ልጅ ያልሰጣት እናት በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ቆማ ብትሞላው ኖሮ የሚያስቅ አይሆንም ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. በቋንቋው ላይ ሁለት የጥያቄ ምልክቶች ጎን ለጎን ሆነው የሚጻፉበት አዲስ ምልክት ተጨመረ፤ ይህ ምልክት ዜሮንና ባዶ ጽሑፍን ሳይነካ ነልንና አንዲፋይንድን ብቻ ይለያል። መድኃኒቱ በእጃችን ካለ ዓመታት አልፈዋል እንግዲህ።

ትላልቆቹም ሰዎች በዚህ ተቸግረዋል። እንግሊዛዊው ሊቅ ቶኒ ሆር «ነል»ን በ1965 እ.ኤ.አ. ለአንድ የፕሮግራም ቋንቋ ሲያበጅ ያደረገው ለመሥራት ቀላል ስለ ሆነለት እንደ ነበረ፥ በ2009 እ.ኤ.አ. በአደባባይ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ የቢሊዮን ዶላር ስሕተቴ ብሎም ጠራው። መረጃ በሠንጠረዥ የሚቀመጥበትን መንገድ በ1970 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስተዋወቀው ኤድጋር ኮድ ደግሞ ኋላ ላይ አንድ ባዶ ብቻ እንደማይበቃ ተናግሯል፤ ለሰውየው የሚገባው ሆኖ ያልታወቀው አንድ ነው፥ ለሰውየው ጭራሽ የማይገባው ሌላ ነው በማለት ለሁለት ከፈለው። በአብዛኛው መዝገብ ቤት የገባው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ሆኖም ይህ አንዱ እንኳ ከእኛ «አዲስ» የተሻለ ጠባይ አለው። ዛሬ መዝገብ ቤቶች በሚሠሩበት ኤስ.ኪው.ኤል. በተባለው ቋንቋ «ነል ከነል ጋር እኩል ነው ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «አዎን»ም «አይደለም»ም አይሆንም፤ «አይታወቅም» ነው። ጀማሪዎች ሁሉ በዚህ ይበሳጫሉ፤ እኛም ተበሳጭተን ነበር። ነገር ግን ቢያስቡት ጥበብ አለበት። የሁለት ቤቶች ቁጥር ባይታወቅ ሁለቱ አንድ ቤት ናቸው ማለት ከቶ አይቻልምና። «አዲስ» ግን ከ«አዲስ» ጋር እኩል ነው። እንግዲህ የኮምፒዩተር ቤቱ ወጣት ቦታውን በነልነቱ እንዲተወው ተፈቅዶለት ቢሆን ኖሮ ሲነጻጸር የእማማ ቤት ከጎረቤቶቻቸው ቤት ጋር እኩል ነው አይባልም ነበር።

ዜሮና ባዶ መደባለቃቸው የሚያደርሰውን ጉዳት ለማየት የውሃ ቆጣሪ አንባቢን እናስብ። አራት ቤት ሄደ። በመጀመሪያው 12 ሜትር ኩብ፥ በሁለተኛው 8፥ በአራተኛው 10 አነበበ፤ ሦስተኛው በር ተቆልፎ ውሻ ይጮሃል። ሦስተኛውን ባዶ ቢተወው አማካዩ 10 ነው። 0 ብሎ ቢጽፈው ግን አማካዩ ወደ 7 ተኩል ይወርዳል፤ የተቆለፈውም ቤት ውሃ የማይጠጣ ሰው የሚኖርበት ይሆናል። በሚቀጥለው ወር በሩ ሲከፈት የሁለት ወር ፍጆታ በአንድ ወር ሒሳብ ላይ ይወድቃል፤ ባለቤቱም ሂሳቡን ይዞ ይጮሃል። (በመንገዳችን ላይ እንበለውና፥ የግእዝ አኃዞች ለዜሮ ምልክት የላቸውም፤ አሥሩም መቶውም የየራሳቸው ፊደል አላቸውና አላስፈለጋቸውም። ዛሬ አንዳንዶች ዜሮን «አልቦ» ሲሉት እንሰማለን፤ ይህ ቃል በግእዝ «የለም» ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ ገና ከአፋችን ሲወጣ ዜሮንና የለምን ደባልቆ ነው የሚወጣው።)

በአገራችን ይህን ልዩነት ከፕሮግራም ጸሐፊዎች ይልቅ አጥብቀው የያዙ ሠራተኞች አሉ፤ እነርሱም የወረርሽኝ ክትትል ሠራተኞች ናቸው። «ዜሮ ሪፖርት» የሚሉት ልማድ አላቸው። ጤና ተቋሙ በየሳምንቱ ስለ ኩፍኝ፥ እጅና እግር በድንገት ስለሚያዝል በሽታና ስለ ሌሎችም ያገኛቸውን ሕመምተኞች ቁጥር ወደ በላይ ያስተላልፋል። አንድም ሕመምተኛ ካላገኘ ዝም አይልም፤ 0 ብሎ ጽፎ ይልካል። 0 ማለት «ፈልገናል፥ አላገኘንም» ማለት ነው። ባዶ ግን ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሠራተኛዋ ወሊድ ላይ ትሆናለች፥ መንገዱ ተቆርጦ ይሆናል፥ ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆናል፥ ወይም በሽታው ከሠራተኛዋ ቤት ገብቶ ይሆናል። ከላይ የተቀመጠው ሰው 0 ሲያይ ተረጋግቶ ይተኛል፤ ባዶ ሲያይ ግን ስልክ ማንሣት አለበት። ሁለቱን የሚያምታታ ማሽን ያን ስልክ እንዳይነሣ ያደርጋል።

ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ላይ ያዋለው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው የመረጃ ሥርዓት ከኖርዌይ፥ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመነጨ ነው። በብዙ አገር ያገለግላል፥ ጠቃሚም ነው። ነገር ግን ይህ ሥርዓት እንደ ተሠራ ቢተው ዜሮን አያስቀምጥም፤ ዜሮው እንዲቀመጥ የሚፈልግ ሰው በእያንዳንዱ የመረጃ ዓይነት ላይ «ዜሮውን አስቀምጥ» ብሎ ማዘዝ አለበት። ምክንያቱ ክፋት አይደለም፤ ዜሮዎች እጅግ ብዙ ስለ ሆኑ ቦታ እንዳይፈጁ ነው። አንድ ሰው ያችን ምልክት ማድረግ ቢረሳ ግን በገጠር ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት ዞራ ያመጣችው 0 ከሰነፉ ዝምታ ጋር አንድ ሆኖ ይጠፋል። የሴትየዋ የአንድ ሳምንት ድካም በአንዲት የራይት ምልክት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

በሥራ ላይ ያለ አንድ ጓደኛችን ይህን ስናወራው እንዲህ ሲል ተከራከረን። «ሁሉንም ቦታ ባዶ መተው ከፈቀድን ሰው ሁሉ ባዶውን ይልከዋል፤ ማስገደዳችን ስለዚህ ነው።» እውነት አለው። ነገር ግን ማስገደዱ ያመጣውን ደግሞ እንመልከት። ሰው ማለፍ ሲፈልግ ያልፋል፤ ነጥብ ይጽፋል፥ ሰረዝ ይጽፋል፥ «ሀ» ይጽፋል፥ ስልክ ቁጥር ሲጠየቅ ከ09 ቀጥሎ ስምንት ዜሮ ይደረድራል። የተወለዱበትን ሲጠየቁ «ንጉሡ በወረዱበት ዓመት» የሚሉ ሰው ዓመተ ምሕረቱን በደንብ ነግረውናል፤ ቀኑንና ወሩን ካልሰጡ ግን ቅጹ አይንቀሳቀስምና ጸሐፊው መስከረም 1 ያደርግላቸዋል። በስደት አሜሪካ ከገቡት መካከልም የልደት ቀናቸው ያልታወቀ ብዙ ሰዎች በመዝገብ ላይ ጃንዩወሪ 1 የተወለዱ ሆነዋል፤ ከእነርሱም ውስጥ የእኛ ሰዎች አሉ። ባዶ ቦታ ቢያንስ ይቆጠራል፤ «ይህን ያህል ሰው አልመለሰም» ይባላል። የተፈለሰፈው መልስ ግን እውነተኛ መልስ መስሎ በሰልፉ ውስጥ ይሰለፋል፤ በኋላ ማንም አይለየውም።

ይህም ዛሬ ከትናንት ይልቅ ይከብዳል። ዐዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ 12 አኃዝ ባለው ቁጥር የባንኩን፥ የመሥሪያ ቤቱንና የስልኩን መዝገብ እርስ በርሱ ወደ ማገናኘት ሄዷል። መዝገብና መዝገብ ሳይተዋወቁ በሚኖሩበት ዘመን በአንዱ ቢሮ የተጻፈ ነጥብ ከዚያው ቢሮ አይወጣም ነበር። አሁን ግን ይጓዛል። በአንዱ ዘንድ የአያቱ ስም ባዶ የሆነ፥ በሌላው ዘንድ ሰረዝ የሆነ፥ በሦስተኛው ዘንድ ሙሉ ሆኖ የተጻፈለት ሰው ለማሽኑ ሦስት ሰው ነው። አንድ ሰው መሆኑን ለማስረዳት ሦስት ጊዜ የሚሰለፈው እርሱ ነው እንጂ ቅጹን የሠራነው እኛ አይደለንም።

እኛ የምንለው እንዲህ ነው። ግድ የሚጠየቅ ጥያቄ ካለ ከጎኑ «የለኝም»፥ «አላውቀውም»፥ «መናገር አልፈልግም» የሚሉ መልሶች ይቀመጡለት፤ ሰውየው ከእነዚህ አንዱን ሳይመርጥ ማለፍ አይችል። ያን ጊዜ የጓደኛችን ፍርሃት ይወገዳል፤ ማንም ዝም ብሎ አያልፍም፥ ማንም ለመዋሸትም አይገደድም። ይህ ሕልም አይደለም። የጤና መረጃ ለመለዋወጥ የወጣው ኤች.ኤል. 7 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ በሦስተኛው እትሙ ለባዶ ቦታ የምክንያት ዝርዝር አለው፤ «ተጠይቆ አላወቀም» አንድ ነው፥ «አልተጠየቀም» ሌላ ነው፥ «አይመለከተውም» ሌላ ነው፥ «አለ፥ ነገር ግን ለምስጢር ሲባል ተሸፍኗል» የሚልም አለ። ይህ የመጨረሻው የጀሞዋ እናት መልስ ነው። ለልደት ቀንም ቢሆን ዓመቱን ብቻ ጽፎ ቀኑንና ወሩን ያልታወቀ ማለት የሚያስችል የቀን አጻጻፍ ደንብ በ2019 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። የቤት ቁጥሩ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይቀላል፤ ቁጥር የሌለው ቤት ቁጥር የሌለው ተብሎ ይመዝገብ፥ «አዲስ» የሚለውም ቃል በእርግጥ ትናንት ለተሠራ ቤት ይቆይለት። ቀን እስኪደርስና ቁጥሩ እስኪለጠፍ ድረስ «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፥ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» የሚለውን አድራሻ የሚቀበል አንድ ሰፊ ቦታ ቢጨመርለት ደግሞ ሰዎቹ በእውነት የሚገኙበት ይታወቃል።

ይህን ሁሉ በዚያ ማለዳ ለኮምፒዩተር ቤቱ ወጣት አልነገርነውም፤ ቅጹን የሠራው እርሱ አይደለምና። እርሱም የሚጠብቁት ደንበኞች ነበሩበት። በቀይ የታጠረውን ቦታ ለጥቂት ጊዜ ሲመለከት ቆየና፥ እማማን ቀና ብሎ አይቶ፥ በአባት ስም ቦታ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ መታ። ቀዩ ጠፋ። ኮምፒዩተሩ ነጥቧን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ፤ ጥያቄውም የአያት ስም ነበር።